የተበደለው ራሱ ሲናገር፦ የአፍሪካ ፊልሞችና እኛ

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ፊልም ነው። አፍሪካውያን የፊልም ሠሪዎች ግፍ ስለ ደረሰባቸው፣ ስለ ተገፉና ከሰው ስለ ተገለሉ ወገኖች የሠሯቸውን ፊልሞች እናነሳለን። «ሲኒማ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ይህ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ያገባናል። የዋግና የወሎ ሰው ፊልም ባያይም ራሱ በፊልም ታይቷል፤ ያውም ዓለም በሙሉ እስኪያውቀው ድረስ። እንዴት ሆኖ እንደ ታየ ከዚያ እንጀምር።

በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ቀርቶ ወሎ ሲራብ፣ ዋግ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር። መንግሥት ረሃቡን ደብቆ ያዘው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ፤ ተማሪው ተቆጣ፤ ባለሥልጣናቱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ከዚያ በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ገብቶ ያየውን ቀረጸ። ሥራው «ያልታወቀው ረሃብ» ተብሎ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ጉዱ ተገለጠ፤ ዕርዳታም መጣ። ዓመት ሳይሞላ ደርግ ያንኑ ፊልም አንሥቶ፣ የተራበውን ሕዝብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አሥር ዓመት አለፈ። በረሃቡ ፊልም ንጉሥ ያወረደው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ የሰሜኑ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ በእግሩ የተሰደደው ወገን ኮረም ላይ ሜዳ ሞልቶ ሰፈረ። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቢርክ ኮረም ላይ ያነሡት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ፤ ዓለምም ደነገጠ። ከአድማጮቻችን መካከል ያን ሜዳ በዓይናቸው ያዩ አሉ።

እነዚያ ፊልሞች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከምስሉ ጋር የምንሰማው ድምፅ በአብዛኛው የጋዜጠኛው ነው። ገበሬው ዝም ብሎ ይታያል። ስሙ አይጠራም። በሬውን መቼ እንደ ሸጠ፣ ዘሩን መቼ እንደ በላ፣ ከምርቱ ማን ምን ያህል ይወስድበት እንደ ነበር የሚጠይቀው የለም። የሚያየው ሰው ያዝናል፣ ይመጸውታል፤ በደሉን ማን እንዳደረሰ ግን አያውቅም። ምስሉንም ያነሣው ሰው ሳይሆን ሌላው እንደ ፈለገ ይገለገልበታል፤ ደርግ እንዳደረገው ማለት ነው።

አፍሪካውያን ሠሪዎች የሠሯቸውን ምርጥ ፊልሞች የምወዳቸው ለዚህ ነው። በእነርሱ ሥራ የተበደለው ሰው ይናገራል፤ የበደለውም ይታያል። አንድ ፊልም ስለ ግፍ ነው ሲባል እኔ የምመዝነው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ከራሳችን ሰው እንነሣ። ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የእርሳቸው ሥራ ነው። ኃይሌ ቲያትር ሊማር አሜሪካ ሄዶ፣ ኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ አገሩ በአብዮት ስትናጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ቀረጸ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ፊልሙ የሚናገረው ስለ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ጎህ ሲቀድ ይነሣሉ፣ እሳት ይቀጣጠላል፣ ከብት ይወጣል፣ ይታረሳል። ካሜራው አይቸኩልም። እርፍ የጨበጠውን እጅ፣ ሸክም ያጎበጠውን ጀርባ እያየ ይቆያል። የከተማ ተመልካች ምነው ረዘመ ይል ይሆናል፤ ያረሰ ሰው ግን የቀኑን ርዝመት ያውቀዋል። ባለርስቱ ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፣ ይቆጣል፣ ይሳደባል። የቤተሰቡ ሴት ልጅ የጌታውን ላም ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውኃ ይወስዳታል። ለጌታው የጠፋው ከብት ነው፤ ለእናትና ለአባት ግን ልጅ ናት። በአንድ የሕልም ትዕይንት ባልና ሚስቱ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ሲያርሱ እናያለን። ያን ምስል አንድ ጊዜ ያየ ሰው የገባርነትን ነገር ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

በዚያ መንደር ከበበ የሚባል ሰው አለ። መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው «አበደ» ብሎ የሚስቅበት፣ ቤት የሌለው ነው። እውነቱን በአደባባይ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። ኃይሌ ገሪማ ንግግሩን የሰጠው ከሁሉ በታች ለተጣለው ሰው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በስተመጨረሻ ከበበ ባለርስቱን በዱላ ይገድለዋል፤ ሕይወቱንም በገዛ እጁ ያጠፋል። የጭሰኛው ልጅ አገሩን ጥሎ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ፊልሙ ተጠናቆ በ1968 ዓ.ም. ለተመልካች ሲቀርብ፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ነው የሚለው አዋጅ ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር፤ አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

የዋግ ሽማግሌዎች «በእኛ አገርማ ገበሬው ራሱ ባለርስት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጭሰኛ የደቡቡ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ልክ ናቸው። በሰሜኑ ርስት ከአባት ከእናት የሚወረስ ነበር። ቢሆንም ጉልተኛው፣ ጭቃ ሹሙ፣ ግብር ሰብሳቢው ነበሩ። ርስት መያዝ የማይፈቀድለት ሸማኔም፣ ብረት ቀጥቃጭም፣ ሸክላ ሠሪም ነበር። ማረሻውን ሠርቶ የሚሰጠንን ሰው «ቡዳ ነው» እያልን ልጁን ከልጃችን ጋር እንዳይጋባ ስንከለክል ኖረናል። ስለ እርሱ የሚናገር ፊልም ቢሠራ፣ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንታየው እኛው ነን። ይህን መስማት ይከብዳል፤ ግን መሰማት አለበት።

ኃይሌ ገሪማ ከብዙ ዓመት በኋላ «ጤዛ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ለማጠናቀቅ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በአፍሪካ ትልቁ የፊልም በዓል፣ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ፣ አንደኛ ወጣ። በፊልሙ ውስጥ የመንደሩ ልጆች ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። በደርግ ዘመን ልጇን ጫካ ሸኝታ ሌሊት ስንቅ ያቀበለች የዋግ እናት፣ ያ ትዕይንት ስለ እርሷ ነው።

አሁን ከአገራችን ወጥተን ወደ ሴኔጋል እንሂድ። ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1923 ተወለደ። በፈረንሳይ ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ተሸካሚ ነበር። መጽሐፍ ጻፈ፤ ታወቀም። ግን የጻፈው በፈረንሳይኛ ነበርና ወገኑ ሊያነበው አልቻለም። ስለዚህ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። ላልተማረው ሕዝብ ፊልም የማታ ትምህርት ቤት ነው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 «ማንዳቢ» የሚለውን ፊልም በወሎፍ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ ሠራ። ታሪኩ አንድ አባወራ ፓሪስ መንገድ የሚጠርግ የወንድም ልጅ የላከለትን ገንዘብ ለማውጣት የሚያየውን አሳር ያሳያል። ፖስታ ቤቱ መታወቂያ ይለዋል፤ መታወቂያው የልደት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። በየቢሮው «ነገ ና» እየተባለ የተመላለሰ ሰው ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በይበልጥ ልናገርለት የምፈልገው ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው ሌላ ፊልም ነው። ዲዋና የምትባል የዳካር ልጅ ልጆች ልትጠብቅ ተብላ ወደ ፈረንሳውያን ቀጣሪዎቿ ቤት ፈረንሳይ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ ቤት ጠራጊ ትሆናለች። ከቤት አትወጣም። ፈረንሳይን የምታውቀው በኩሽናው፣ በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ክፍሉ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣል። ማንበብ ስለማትችል አሠሪዋ ያነብላታል፤ መልሱንም እርሷ ሳትናገር «ደህና ነኝ» እያለ ራሱ መጻፍ ይጀምራል። ዲዋና ወረቀቱን ትቀደዋለች። በዚህች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለ ግፍ ብዙ መጽሐፍ የማይነግረን አለ፤ የሰውዬው ጥፋት ጉልበቷን መውሰዱ ብቻ አይደለም፤ ከገዛ እናቷ ጋር በእርሷ ስም ሊነጋገርም ፈለገ። አፏ ዝም ቢልም እኛ ግን በልቧ የምትናገረውን ፊልሙን በሙሉ እንሰማዋለን፤ ሴምቤን ድምፅ ሰጥቷታልና። ዲዋና በሕይወት አልተመለሰችም። አሠሪዋ የደመወዟን ገንዘብ ይዞ ወደ እናቷ ሲሄድ እናት አልቀበልም አለች።

ከወሎና ከዋግ ወደ አረብ አገር የሄዱ እህቶቻችንን አስቡ። ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው በ«ከፋላ» ሥርዓት ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ የሆነ፣ ስልካቸው የተቀማ፣ «ደህና ነኝ በሉ» የሚባሉ ስንት ናቸው? ይህ ፊልም ከተሠራ ወደ 60 ዓመት ሆነው፤ ልጅ ወደ ውጭ ልትልክ የምታስብ እናት ሁሉ ዛሬም ብታየው እላለሁ።

ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ2004 የመጨረሻውን ፊልሙን «ሞላዴ»ን ሠራ። በቡርኪና ፋሶ ገጠር፣ ከግርዛት ያመለጡ አራት ልጃገረዶች ኮሌ የምትባል ሴት ቤት ገብተው ይማጸናሉ። ኮሌ በበሯ ላይ ባለ ቀለም ገመድ ትወጥራለች። እንደ አገሩ የጥንት ሕግ፣ እርሷ በአንደበቷ ከለላውን እስካላነሣች ድረስ ያንን ገመድ የሚሻገር የለም። ባሏ በወንድሙ ግፊት በአደባባይ ይገርፋታል፤ ቃሉን ግን አታወጣም። እኔን እጅግ የሚያስገርመኝ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ያደረጉት ነው። ሴቶቹን ያጀገናቸው ምንድን ነው ብለው ሲመክሩ፣ ሬዲዮ ነው አሉ። የመንደሩን ሴቶች ሬዲዮ ሁሉ ሰብስበው መስጊዱ ፊት ለፊት ከመሩና አቃጠሉት። አንዳንዱ ሬዲዮ እሳት ውስጥ ሆኖ ያወራል። ሴቶቹ ግን አልተመለሱም፤ የመግረዣውን ቢላ ከገራዦቹ ቀምተው ጣሉት። የሴት ልጅ ግርዛት በእኛም አገር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሕጉ ግን በር ላይ ገመድ የምትወጥር ሴት ያስፈልገዋል።

ከሴኔጋል ሳንወጣ አንድ አጭር ፊልም ልጥቀስ። የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ጋዜጣ ሻጯ ልጅ» 45 ደቂቃ ብቻ ነው። በምርኩዝ የምትሄድ ሲሊ የምትባል ልጅ፣ ዓይነ ስውር አያቷ ስትለምን አይታ፣ «ወንዶች የሚሠሩትን እኔም እሠራለሁ» ብላ ዳካር ላይ ጋዜጣ መሸጥ ትጀምራለች። ልጆች ይገፏታል፤ ምርኩዟን ይቀሟታል። ፊልሙ ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ እንድናዝንላት አይለምነንም፤ የምትሠራውን እያሳየ ያስከብራታል። አካል ጉዳተኛ ልጁን ከእንግዳ ፊት የሚደብቅ ወላጅ ሊያየው ይገባል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች የሆኑት፣ ኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ያዙት። ልጅቱ ራሷን ተከላክላለች ተብላ በነጻ ተሰናበተች። ያኔ ሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሰርዞታል። ጠለፋን «ባህላችን ነው» እያለ የሚከራከር ሰው እስከ ዛሬ አለ፤ በፊልሙ ውስጥ በዛፍ ሥር የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች የሚናገሩትም ይህንኑ ነው። ሠሪው አላፌዘባቸውም፤ ሲናገሩ አስደምጦናል፤ እኛም የራሳችንን አባቶች ድምፅ እንሰማለን።

የዚህ ፊልም ነገር ግን ሌላ ትምህርትም አለው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመልካች ተሰብስቦ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት፣ ያኔ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ የእኔን ሕይወት እኔ ሳልፈቅድ ሠሩት ብላ ነው። ኋላ እግዱ ተነሥቶ ታየ። እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። ስለ ተበደለ ሰው በቅን ልብ የምንሠራ እንኳ ብንሆን፣ ባለታሪኩን አስቀድመን ካልጠየቅን የዲዋናን ደብዳቤ በስሟ እንደ ጻፈው ሰውዬ መሆናችን ነው።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ፊልም ሠሪው ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ስላልሆነ ነው። እስካሁን ግን የምንታየው በችግራችን ነው። የዋግ ከተማ ሰቆጣ ስሟ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠራው በሕፃናት መቀንጨር ምክንያት ነው፤ መንግሥት መቀንጨርን ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏልና። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ የዋግን ወረዳዎች፣ ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን፣ ሲመታም ካሜራ መጥቷል። ከአበርገሌና ከፃግብጂ በጦርነት ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉትም በካሜራ ታይተዋል። እንግዲህ የዋግ ሰው ከተራበበት ቀን ሌላ ቀን የለውም ወይ? ማር የሚቆርጠው፣ ተከዜን የሚሻገረው፣ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ከአለት የፈለፈለው፣ በቋንቋው በኽምጣና የሚያወጋው ሰው የት አለ?

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላትና ስልክ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በቀበሌያችሁ ሰው የማይሰማውን አንድ ሰው ምረጡ፤ ሸክላ ሠሪ እናት፣ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት፣ ተፈናቃይ አባት። ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፤ አይሆንም ካለ አክብራችሁ ተመለሱ። ከፈቀደ በሚቀለው ቋንቋ ይናገር፤ በኽምጣና ከተናገረ አማርኛውን ከሥር ጻፉለት። በሐዘኑ ብቻ አታቁሙት፤ ሥራውን ሲሠራ አሳዩት፤ ማን እንደ በደለውም ጠይቁት። ስትጨርሱ ለሌላ ከማሳየታችሁ በፊት ለራሱ አሳዩት፤ አውጡልኝ ያለውን አውጡ። የሠራችሁትን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ላኩልን፤ ባለታሪኩ ከፈቀደ ድምፁን በዚሁ ሰዓት እናሰማለን።